ስለ በሽተኛ ፈቃድ

ፈቃድ የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው የሰው የልብ ውዴታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማኅተም ተመትቶበት ከመሥሪያ ቤት የሚወጣው ወረቀት ነው፤ የንግድ ፈቃድ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የዓመት ዕረፍት ፈቃድ እንላለን። ይህን መጽሔት ከምናነበው መካከል ብዙዎቻችን ሁለተኛውን ፈቃድ በመስጠት ወይም በመጠየቅ የምንውል ነን። ፈቃድ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር መሆኑን ስለ ለመድነው፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት፣ ማለት ባለ ዲግሪው በባለ ሞፈሩ ፊት ቆሞ ፈቃድ የሚለምንበት ጊዜ መኖሩን ብዙ አናስብም። ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው እንዲህ ያለውን ጊዜ ነው፤ ይኸውም ሐኪም የአንድን መድኃኒት ጥቅምና ጉዳት ለመመርመር በሽተኛውን «በገዛ ፈቃድዎ ይገባሉን?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። ነገሩ በአየር ላይ ተንሳፎ እንዳይቀር በአንድ በሽታና በአንድ አገር ላይ እናቁመው። በሽታው የደም ግፊት፣ አገሩም ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች ይሁኑ።

ጅማን የሚያውቅ ሁሉ የሂርማታን የሐሙስ ገበያ ያውቃል። ከአጋሮና ከገራ፣ ከሊሙ ገነትና ከሰቃ፣ ከየቡና ከሰርቦ የሚመጣው ሕዝብ ቡናውን፣ ማሩንና እህሉን ሲሸጥ ሲገዛ ይውላል፤ ገበያውንም ምክንያት አድርጎ የቀረ ጉዳዩን ሁሉ በዚያው ቀን ይጨርሳል። ዳኛ ፊት የሚቀርበው ይቀርባል፣ ሐኪም ቤት የሚሄደው ይሄዳል። ከዚህ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው በሐሳባችን እንምረጥ። ከሊሙ ወገን የመጡ፣ ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋ፣ ከአንድ ሄክታር የማትበልጥ የቡና መሬት ያለቻቸው አዛውንት ናቸው እንበል። ሐኪም ቤት የገቡት ዓይናቸውን ለማሳየት ነው። ነርሷ ግን እንደ ሥራዋ ልማድ ክንዳቸውን በመለኪያው ጨርቅ ጠቅልላ ነፋችና ቍጥሩን ባየች ጊዜ ዝም አለች። 170 በ105።

ሽማግሌው «እኔ ምንም አላመመኝም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ይህን በሽታ ከሌሎች የሚለየው አንዱ ጠባዩ ይህ ነው፤ ሳይጮኽ ይገባል፣ ሳይጮኽ ይቀመጣል፣ ሲወጣ ግን ግማሽ አካልን ወይም ነፍስን ይዞ ይወጣል። ስሙም አሳሳች ነው። «ደም ብዛት» ስንል ደሙ ከልክ በላይ የተትረፈረፈ ይመስለናል፤ ስለዚህም ቢቀነስ የሚሻለው እየመሰለው በዋግምት የሚያስመጥጥ ሰው አልጠፋም። ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆዱ የሚበላ፣ የሽፈራው ቅጠል አፍልቶ የሚጠጣም አለ። በእውነቱ ግን የበዛው ደሙ ሳይሆን፣ ደሙ የሥሮቹን ግድግዳ የሚገፋበት ኀይል ነው። ሥሮቹ እየጠበቡና እየደረቁ ሲሄዱ ልብ ጕልበቷን ትጨምራለች፤ ከዓመታት በኋላም በአንጎል ውስጥ አንዲት ቀጭን ሥር ትበጠሳለች፣ ወይም ኩላሊት ይደክማል።

ሐኪሞች ከ140 በ90 ጀምሮ ያለውን ልክ ከፍተኛ ይሉታል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ከ15 እስከ 69 ዓመት ባለው ሕዝብ ላይ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 16 ያህሉ ግፊቱ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከተጠየቁትም አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ክንዳቸውን ለመለኪያ ዘርግተው አያውቁም ነበር። ስለ ጅማ ገጠር ሲነሣ ደግሞ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር አለ፤ በዚያ አገር ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው። አሞሌ ከአፋር ምድር ተነሥቶ እንደ ገንዘብ እየተመነዘረ እስከ ጅማ በሚደርስበት በዚያ ዘመን ጨው የክብር ዕቃ ነበርና፣ ለእንግዳ ቡና ውስጥ መጨመሩ እንደ ልግስና ቢቈጠር አያስደንቅም። ልግስናውን አንነቅፍም። ነገር ግን ጨው ግፊትን ከሚያወጡት ነገሮች አንዱ መሆኑን ሽማግሌው የሰሙት ዛሬ ገና ነው።

እንግዲህ ሐኪሙ እንዲህ ይላቸዋል እንበል፤ «አባባ፣ ለዚህ በሽታ የሚሰጡ ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች አሉ። ሁለቱም በሌላ አገር ተፈትነው ጠቅመዋል። ለእኛ አገር ሰው የትኛው እንደሚሻል ግን በሚገባ አልታወቀም። ይህን ለማወቅ ጥናት እናደርጋለን። የትኛውን እንደሚወስዱ እኔ አልመርጥም፣ እርስዎም አይመርጡም፣ በዕጣ ይወጣል። ለስድስት ወር በየወሩ እየመጡ ይለካሉ፣ ደምም ይሰጣሉ። ይገባሉ?»

ሽማግሌው ምን ሊመልሱ ይገባል? ከዚያም በፊት፣ ሐኪሙስ ይህን ሊጠይቃቸው ይገባዋልን?

ይህን የሚሰማ ሰው አንዳንዱ «እኛ የማንም መሞከሪያ አይጦች አይደለንም» ብሎ ይቈጣል። ቍጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በተስኪጊ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ የመንግሥት የጤና ባለሥልጣኖች ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር ሰዎች መድኃኒት ሳይሰጡ፣ በሽታው እስከ ሞት ድረስ የሚያደርሰውን ነገር እየመዘገቡ 40 ዓመት ተመለከቱ። ሰዎቹ ድኾች የጥጥ ገበሬዎች ነበሩ። የተነገራቸውም «መጥፎ ደም አለባችሁ» ተብሎ ነው እንጂ የበሽታቸው ስም አልነበረም። ነጻ ምግብና የቀብር ወጪ እየተሰጣቸው ይመጡ ነበር። ፔኒሲሊን ይህን በሽታ እንደሚያድን በዓለም ከታወቀ በኋላ እንኳ ለእነርሱ ተከለከለ። እነዚያ ሰዎች ለሐኪሞቹ እሺ ብለዋል፤ ነገር ግን እሺ ያሉት ለሌላ ነገር ነበር። ናዚዎች በእስረኞች ላይ ከፈጸሙት ግፍ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 በኑረምበርግ፣ ቀጥሎም የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 በሄልሲንኪ የሰው ፈቃድ የማይታለፍ ሕግ መሆኑን ባወጁ ጊዜ የተስኪጊው ሥራ ገና አልቆመም ነበር። ሕግ መጻፉ ብቻውን በሽተኛን እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ሆኖም ቍጣ የፍርዱ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ሙከራ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? ብለን ደግሞ መጠየቅ አለብን።

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስዌዝ ቦይ መንገድ በሚገኘው በታላቁ መራራ ሐይቅ፣ ኵዊንሲ በምትባል የጦር መርከብ ላይ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተው እንደ ተነጋገሩ ታሪክ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው፣ በዚያ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰው ግፊታቸው እጅግ ከፍ ያለ በሽተኛ መሆናቸው ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 4 ቀን ሩዝቬልት በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቱ፤ በዚያች ቀን ሐኪማቸው ሲለካቸው ቍጥሩ ከ300 በ190 አልፎ ነበር። የዓለም ኀያል መንግሥት መሪ፣ ሐኪም ያልጐደለባቸው፣ ገንዘብ ያልጐደለባቸው ሰው! ዕረፍት ታዘዘላቸው፤ ጨው ተቀነሰባቸው፤ ከዚህ የሚያልፍ እርግጠኛ መድኃኒት ግን አልነበረም። እንዲያውም በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች ግፊት ከፍ ማለቱ ሰውነት ራሱን የሚረዳበት መንገድ ስለ ሆነ መንካት አያሻም ይሉ ነበር። ዛሬ በአንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ ሊገኝ የሚችለው ክኒን በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን ቤተ መንግሥት አልተገኘም። ያልተገኘበትም ምክንያት የሚፈትነው ሐኪምና የሚፈተንበት ፈቃደኛ ገና ስላልተገናኙ ነው።

የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ዶክተር ኤድዋርድ ፍራይስ የሚመሩት የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሐኪም ቤቶች ማኅበር የታችኛው የግፊት ቍጥራቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 ወንዶችን ሰብስቦ በዕጣ ለሁለት ከፈለ። 73ቱ መድኃኒት ያለበትን ክኒን ወሰዱ፤ 70ዎቹ መልኩ ያንኑ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ክኒን ዋጡ። ማን የትኛውን እንደ ያዘ አላወቁም። በአማካይ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ባዶውን ከወሰዱት 27ቱ ሞት ወይም ከባድ ጕዳት ሲደርስባቸው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ግን የተጐዱት 2 ብቻ ሆኑ። ይህ ውጤት በ1967 ሲታተም የዓለም ሐኪሞች አሳብ ተለወጠ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል። በእነዚያ 70 ሰዎች ላይ በደል ተፈጸመባቸውን? ከዛሬ ሆነን ስናየው ልባችን አዎን ይላል፤ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ነበርና። ነገር ግን መድኃኒት መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? ሐኪሙ አላወቀም፣ በሽተኛውም አላወቀም። ክኒኑ የሚጐዳ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ዛሬ የምናዝነው ለ73ቱ በሆነ ነበር። ዕጣ ፍትሐዊ የሚሆነው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ አላዋቂነት ለሁሉም እኩል በሆነበት ጊዜ። ይህን ለሊሙው ሽማግሌ ማስረዳት ከባድ አይደለም። በክርስቲያኑ መጽሐፍ ማትያስ ከሐዋርያት የተቈጠረው በዕጣ ነው፤ በቁርኣንም የመርየምን አሳዳጊ ለመለየት ብዕሮች እንደ ተጣሉ ተነግሯል። የሰው ዕውቀት ሲያልቅ ዕጣ መጣል የቈየ የሰው ልጅ ትሕትና ነው። የተስኪጊው ክፋት ግን ከዚህ ጋር አይመሳሰልም፤ እዚያ አንዱ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። ዕውቀት በአንደኛው ወገን ብቻ ከተቀመጠ በኋላ ዕጣ መጣል ማታለል ይሆናል። ስለዚህም ግፊቱ ከፍተኛ የሆነን ሰው ዛሬ ባዶ ክኒን አስይዞ ዓመት ሙሉ ማቈየት ከፍራይስ ዘመን ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም፤ መድኃኒት መኖሩ ታውቋልና።

የዛሬው ጥያቄ መድኃኒትን ከመድኃኒት ጋር የማወዳደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመው፣ ከ33 ሺህ በላይ ሰዎች በገቡበት የአሜሪካ ታላቅ ሙከራ ውስጥ ሊሲኖፕሪል የሚባለውን መድኃኒት ከወሰዱት ጥቁሮች መካከል በአንጎል ደም ሥር በሽታ የተመቱት ክሎርታሊዶን ከወሰዱት ይልቅ በዝተው ተገኙ። አንዱን የሚረዳው ሌላውን እኩል ላይረዳው ይችላል ማለት ነው። ከዚያም በ2019 ክሪዮል የተባለ ሙከራ ውጤት ወጣ። በካሜሩን፣ በኬንያ፣ በሞዛምቢክ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ 728 ሰዎች ፈቅደው ገቡበት፤ ሁለት ሁለት መድኃኒቶችን በማጣመር ሦስት ዓይነት ሕክምና ተወዳደረ፤ ከስድስት ወር በኋላም አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ ጥምሮች ከሦስተኛው በልጠው ግፊትን ዝቅ አደረጉ። ከስድስቱ አገሮች መካከል ኢትዮጵያ የለችበትም። በጅማ ያለ ሐኪም ግን አምሎዲፒን ሲያዝ የእነዚያን ሰዎች ድካም እየተጠቀመ ነው። ከሌጎስም ሆነ ከናይሮቢ የመጣው ዕውቀት ጨው ያለበት ቡና ለሚጠጣው፣ ጫት ለሚቅመው፣ በደጋና በወይና ደጋ ለሚኖረው ሰው ሁሉ እንዳለ ይሠራል ወይ? ቢባል፣ አብዛኛው ይሠራል ብለን እንገምታለን። መገመትና ማወቅ ግን አንድ አይደሉም።

ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ምሁራን «እንግዲያው ዕዳ አለብን፤ ሌሎች ሰውነታቸውን ሰጥተው ባገኙት ዕውቀት የዳንን ሁሉ በተራችን መስጠት ግዴታችን ነው» ይላሉ። አሳቡ ለጆሮ ይጥማል። ለጅማ ሰውም ከወንፈል፣ እርሱ ዳዶ ከሚለው ሥርዓት ጋር ይመሳሰልበታል፤ ጎረቤቶችህ እርሻህን አርመውልህ ከዋሉ፣ ተራቸው ሲደርስ አንተም ትሄዳለህ። ነገር ግን ደኅና አድርገን ስንመረምረው ምሳሌው ይሰበራል። በወንፈል የታመመ ሰው አይጠራም፤ እስኪሻለው ይጠበቃል። የመድኃኒት ሙከራ ግን የሚጠራው የታመመውን ብቻ ነው! አገር ለአገር ዕዳ ይኖርበት ይሆናል፤ ያንን ዕዳ ግን ከአልጋ አጠገብ ቆሞ ከአንድ በሽተኛ ክንድ ላይ የሚሰበስብ ቀራጭ ሊኖር አይገባም። ስለዚህ ሽማግሌው ቢገቡ የሚሰጡት ስጦታ ነው፤ ስጦታም ለመባል መከልከል የሚችሉት ነገር መሆን አለበት።

ስለ ሙከራ ለቡና ገበሬ መንገር ለዓሣ ስለ ውኃ እንደ መንገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታየና ፍሬው ሳይቀላ እየጠቈረ ይረግፍ ጀመር። በጅማ አጠገብ በመልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ሰዎች በየጫካውና በየማሳው እየዞሩ በታመሙት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ለቀሙ፤ ዘራቸውንም በሽታውን ሆን ብለው እያስያዙ ፈተኑት። ዛሬ በጎማና በሊሙ ማሳ 74110፣ 74112፣ 74158 እየተባሉ በቍጥር የሚጠሩት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው፤ 74 የሚለውም የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን፣ ያመለክታል። ገበሬው አንዱን መደብ ከሌላው አጠገብ ተክሎ ማወዳደር ምን እንደሚጠቅም ከብዙዎቻችን ይልቅ ያውቃል። ልዩነቱንም እንዲሁ ያውቃል፤ ዛፉ አልተጠየቀም፣ የወደቀውም ተነቅሎ ተጣለ።

ስለ ፈቃድ ወረቀት ስንነጋገር ከሁሉ የሚከብደን እሺ የሚለው ቃል ነው። በባህላችን እሺ ማለት ዘወትር ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም። ለታላቅ ሰው፣ ለእንግዳ፣ ለሐኪም፣ ለሹም እሺ ማለት የጨዋነት ምልክት ነው፤ ሰውየው እሺ ብሎ ቤቱ ገብቶ ይቀራል። ይሉኝታ የያዘው ሰው ፊት ለፊት እምቢ ከሚል መንገድ ቢጠፋበት ይመርጣል። ይህን የውጭ አገር ተመራማሪ ባያውቀው አይፈረድበትም፤ የራሳችን ሐኪም ግን እያወቀ ቢያልፈው ምን እንለዋለን? እሺታን በቀላሉ ከሚሰጥ ሕዝብ የተቀበሉት ፊርማ፣ እሺታን በብዙ ክርክር ከሚሰጥ ሕዝብ ከተቀበሉት ፊርማ ጋር አንድ ክብደት የለውም። እኛ እንደሚመስለን በእንዲህ ያለ አገር የፈቃድ መለኪያው ስንት ሰው እሺ አለ ሳይሆን፣ ስንት ሰው ያለ ሃፍረትና ያለ ፍርሃት እምቢ ለማለት ቻለ የሚለው ነው። ከተጠየቁት 100 ሰዎች 100ው የገቡበት ጥናት ሊያስደስተን ሳይሆን ሊያሳስበን ይገባል።

ወረቀቱ የተጻፈበት ቋንቋ ሽማግሌው ከልጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ኦሮምኛ መሆን እንዳለበት ማንም አይከራከርም፤ ይህን አልፈን እንሂድ። ያልተለመደው ጥያቄ፣ ወረቀቱ የሚፈረመው በየትኛው ወር ነው የሚለው ነው። በቡና አገር ሰው በዓመት ውስጥ ሁለት ሰው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ያለፈው ዓመት ገንዘብ አልቆ፣ አዲሱ ፍሬ ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ፣ ለጓዳውም ለትምህርት ቤቱም ብድር የሚፈለግበት ጊዜ ነው። በታኅሣሥና በጥር ግን ቡናው ተለቅሞ ተሽጦ፣ ያው ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል። በነሐሴ «የመጓጓዣ ገንዘብና ነጻ መድኃኒት ይሰጥዎታል» ሲባል እሺ ያለው ሰው በጥር ምን ይል ነበር? ድኽነት ፈቃድን ያጠፋል የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ድኻን ሰው አሳብ የሌለው ማድረግ ስለ ሆነ አንቀበለውም። ድኻም ይመዝናል፣ ድኻም ለሌላው በጎ ማድረግ ይወዳል። ነገር ግን ሚዛኑ ላይ ሌላ ሰው እጁን እንዳያስቀምጥበት መጠንቀቅ ይገባል። መንገዱን ያወጣበትን ገንዘብ መመለስ ትክክል ነው፤ ከዚያ አልፎ በረኃብ ወራት የሚያጓጓ ነገር ማቅረብ ግን ሚዛኑን መጫን ነው።

በጅማ ይህን ችግር በጥሩ መንገድ የተወጣ አንድ ጥናት እናውቃለን። በግፊት ላይ የተደረገ አይደለም፤ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ለሚጀምሩ ሰዎች ተጨማሪ ምግብ ይጠቅም እንደ ሆነ ለማወቅ የጅማ ዩኒቨርሲቲና የዴንማርክ ተመራማሪዎች በጅማ አካባቢ በመንግሥት ጤና ድርጅቶች ያደረጉት ነው፤ 318 ሰዎች ገብተውበት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ምግቡ በዕጣ ለአንዳንዶቹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሲሰጥ፣ ለቀሩት ደግሞ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ተሰጠ። በጣም የከሱት ግን ከዕጣው ውጭ ሆነው ሁሉም ወዲያው ተሰጣቸው። ማነጻጸሪያ ተገኘ፤ ባዶ እጁን የተመለሰም አልነበረም። ምግቡም ክብደትንና የእጅን ጕልበት እንደሚጨምር ታወቀ። ሳይንስና ርኅራኄ ሁልጊዜ እንደሚጣሉ አድርገው ለሚነግሩን ሰዎች ይህን እንጠቅስላቸዋለን።

የግፊት መድኃኒት ግን ከዚህ የሚከብድ ጠባይ አለው፤ አንዴ የጀመረው ሰው ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይወስደዋል። ጥናቱ ስድስት ወር ነው፣ በሽታው 30 ዓመት። በስድስተኛው ወር መጨረሻ ሽማግሌው ግፊታቸው ከ170 ወደ 130 ወርዶላቸው፣ ነርሷን እንደ ልጃቸው ለምደው፣ ክኒኑን ከጸሎታቸው ጋር አስተካክለው ሳለ «ጥናቱ አልቋል፣ እናመሰግናለን» ይባላሉ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን ከየት ያገኛሉ? ከከተማው መድኃኒት ቤት በራሳቸው ገንዘብ ነውን? በወረዳው ጤና ጣቢያ ባለቀበት ወር ምን ያደርጋሉ? የሄልሲንኪው መግለጫ ይህ ነገር ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት እንዲታሰብበት ያዛል። በአገራችንም አንድ የመድኃኒት ሙከራ ሳይጀመር በተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረመራል፣ ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ፈቃድ ይጠየቅበታል። በእነዚህ ወንበሮች ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል ይኖራሉ ብለን እናምናለን። የማስረጃውን ቀመር ሁለት ሰዓት መርምረው «ከሰባተኛው ወር በኋላስ?» የሚለውን ጥያቄ በሁለት ደቂቃ የሚያልፉት እንደ ሆነ፣ ማኅተሙን ያሳረፉበት ወረቀት ግማሹ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አሳባችን ደረስን፤ የሚወደድ እንዳልሆነ ብናውቅም እንናገረዋለን። ስጦታ መከልከል ከሚችል ሰው ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ለመከልከል ከሁሉ የሚችለው ማነው? ወረቀቱን አንብቦ የሚረዳው፣ ሐኪሙን በእኩያ ዓይን የሚያየው፣ መድኃኒቱ ቢቀርበት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው፣ ቢበደል አቤት የሚልበትን ቢሮ የሚያውቀው ሰው አይደለምን? ይኸውም መምህሩ፣ የመምሪያ ኀላፊው፣ የባንክ ጸሐፊው፣ ማለት እኛ ነን። ግፊትም ወንበር ላይ የሚውለውን፣ ሥጋና ጨው የሚያዘወትረውን፣ በእግሩ የማይሄደውን ሰው ይወዳል እንጂ አይሸሽም። እኛ ግን ራሳችን ስንታመም ወደ አዲስ አበባ የግል ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ ሙከራው ለገጠር ሰው ይቀራል። ስለ ሕዝቡ ፈቃደኝነት ንግግር የሚያደርገው ሰው የራሱን ክንድ ሳይዘረጋ ቢቀር የንግግሩ ዋጋ ምንድን ነው?

«የባለሥልጣን ሰውነትና የገበሬ ሰውነት አንድ አይደለም፤ በመምህራን ላይ ብቻ የተፈተነ መድኃኒት ለገበሬው ይስማማው እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?» የሚል መልስ ይመጣብናል። መልሱ እውነት አለው፤ እኛም ራሳችን ቀደም ሲል ስለ ጨውና ስለ ጫት የተናገርነውን ልንክደው አንችልም። ገበሬውን ፈጽሞ ማስቀረት ሌላ በደል ይሆናል፤ ለእርሱ የሚሆነውን ዕውቀት ያሳጣዋልና። ስለዚህ የምንለው ገበሬው አይጠየቅ አይደለም። በአንድ የጥናት መዝገብ ላይ የሊሙው ሽማግሌና የጅማው ርእሰ መምህር ስም ጐን ለጐን ሲገኝ፣ ሽማግሌው ስለ ራሳቸው ሊጠይቁት ያፈሩትን ጥያቄ ርእሰ መምህሩ ጮኾ ይጠይቅላቸዋል ነው የምንለው። መከልከል የሚችል ሰው በገባበት ቤት ውስጥ፣ የማይችለው ሰው ጥላ ያገኛል።

ሽማግሌያችንን ከሐኪሙ ፊት እንደ ተቀመጡ ትተናቸው ነበር። ሐኪሙ ጥበበኛ ሰው ስለ ሆነ በዚያው ቀን አላስፈረማቸውም፤ ወረቀቱን ሰጥቶ «በሚቀጥለው ሐሙስ ይመለሱ፣ ከቤተ ሰብዎ ጋር ይመካከሩ» አላቸው። ወረቀቱን ሁለተኛ ደረጃ የምትማር የልጅ ልጃቸው በቡናው ዙሪያ ለቤተ ሰቡ አነበበችላቸው፤ ጎረቤትም መጥቶ አሳቡን ጨመረ። በሐሙሱ ተመለሱና እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ ነገሩ መልካም መሆኑን ተረድቼዋለሁ። ነገር ግን የሚቀጥሉት ሦስት ወራት የቡና ለቀማ ናቸው፤ በየወሩ መምጣት አልችልም። ጀምሬ ከማቋርጥብህ ባልገባ ይሻላል።»

ሐኪሙም «እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ ደግ አደረጉ» ብሎ ወረቀቱን መለሰና መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያም መለኪያውን አንሥቶ «እስቲ ክንድዎን ይዘርጉልኝ» አላቸው። ለካቸው፤ 165 በ100 ነበር። ማንኛውም በሽተኛ የሚወስደውን መድኃኒት ጻፈላቸው፣ ስለ ጨውም ደግሞ አሳሰባቸው። ሽማግሌውም ማዘዣውን በኮታቸው የውስጥ ኪስ አድርገው ወደ ገበያው ወረዱ።